ማንም ያልሰማት ጥይት

ሲጮሁብኝ ዝም ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እናቴ «የአንቺ ምላስ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» ትለኝ ነበር፤ ሠራኝም። የደንብ ልብሴን ያስወለቀኝ ይኸው ምላስ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ሐዘናችሁን ለሚያስፈልገው ሰው አቆዩት። የምነግራችሁ ያ ቀን ዛሬም ድረስ ስለሚያንገበግበኝ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የክፍላችንንም ስም አልጠራም።

ያኔ ዋና ሳጅን ነበርኩ። ሥራዬ ለፖሊሶች የመሣሪያ አጠቃቀም ደንብ ማስተማር ነው። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ጠመንጃ ወደ ክፍላችን ሲመጣ የእሱንም ደንብ የማስተማሩ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ማፈኛው አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ወፍራም ቱቦ ነው። ቱቦው ግን ብቻውን አይበቃም። የተለመደው ጥይት ከድምፅ ፈጥኖ ስለሚሄድ አየሩን ሲቀድ ራሱ ይጮኻል፤ ስለዚህ ጠመንጃው ከድምፅ የሚዘገይ ሌላ ዓይነት ጥይት ይጎርሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ተኩሱ ከርቀት አይሰማም፤ አጠገቡ ላለ ሰው እንኳን የድስት ክዳን ሲገጠም ያህል ነው። ይህቺ ዘገምተኛ ጥይት ደግሞ ርቀቱ ሲጨምር ቶሎ ዝቅ ትላለች። ያንን የማያውቅ ተኳሽ ከዒላማው በታች ይመታል።

ደንቡ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ተማሪዎቼን እንደ ጸሎት አስደግማቸው ነበር። ከመተኮሱ በፊት በአካባቢው ያለ ሰው በድምፅ ይነገረዋል፤ ምክንያቱም ተራ ጠመንጃ ራሱ ጮኾ «ሽሹ» ይላል፣ ይሄኛው አይልም። ከተኳሹ አጠገብ ተመልካች ይቀመጣል፤ ተመልካቹ «አቁም» ካለ ያዘዘው ማንም ይሁን ማን ጣት ከምላጩ ይነሳል። ሰው ከተመታ ደግሞ የተኮሰው ወገን እዚያው፣ ያኔውኑ፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። በቃ ይኸው ነው። ሕፃን ልጅም ይገባዋል።

ለኢንስፔክተር ታፈሰ ግን አልገባውም። ፊት ለፊት አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ አይገባውም።

ነገሩ የተጀመረው በጅብ ነው። ጉለሌ ውስጥ፣ ዳገቱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ቤቶቹ አልቀው ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ሰፈር አለ። ጅብ ለእነሱ ብርቅ አይደለም፤ ማታ መጥቶ ቆሻሻ ለቃቅሞ ይሄዳል። ይሄኛው ግን በጠራራ ፀሐይ ይወጣ ጀመር። ለሃጩን እያዝረበረበ ሰው ላይ ይመጣል። አንድ ዘበኛና አንዲት ተማሪ ነከሰ። የእብድ ውሻ በሽታ ይዞታል ተባለ። መጀመሪያ በተራ ጠመንጃ ተተኮሰበትና ሳተው፤ ሰፈሩ ግን ጦርነት መጣ ብሎ ተተራመሰ። ሱቅ ተዘጋ፣ ሰው እግሬ አውጪኝ አለ። ከዚያ በኋላ ነው አለቆቻችን «ሕዝቡ ሳይሸበር በዝምታ ይገደል» ያሉት። ሥራውን እንዲመራ ኢንስፔክተር ታፈሰ ተመደበ። እኔም በተመልካችነት።

ቢሮው ገብቼ «ሰፈሩን ማን ነው የሚያስጠነቅቀው?» አልኩት።

«ሳጅን፣ ዝም የሚል ጠመንጃ ይዘን ለምን እንጮኻለን? ጅቡ እንዲሸሽ ነው?»

«ጠመንጃው ዝም ስለሚል ነው የምንጮኸው። ደንቡ...»

«ደንብ፣ ደንብ፣ ደንብ! አንቺ ጅቡን ነው ወይስ እኔን የምትጠብቂው?»

«ሁለታችሁንም» አልኩት። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማማ፦ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ገመቹ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «ከቤት አትውጡ» እንዲሉ። ድምፃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ በመኪናችን ይዞር ብዬ ነበር፤ «የመኪና ድምፅ ጅቡን ያስደነግጠዋል» ብሎ ከለከለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ልንተኩስ፣ በዋዜማው ከሰዓት ጅቡ የሚመላለስበት ገደል አፋፍ ላይ ያሉትን ቤቶች እየዞርኩ አነጋገርኩ። የመጨረሻው ቤት የእትዬ ብርቅነሽ ነው። በእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፤ አጭር፣ ደረቅ፣ እሳት የጎረሱ ሴትዮ። የግቢያቸውን በር ግማሽ ከፍተው በእግራቸው ያዙት፤ እንዳልገባ መሆኑ ነው።

«ዛሬ ነው ጅብ መኖሩን የሰማችሁት?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ጋሽ ገመቹ ሲናገሩ ከቤት እንዳይወጡ። ተኩሱ አይሰማም።»

«አይሰማም? ምን ዓይነት ተኩስ ነው የማይሰማ? የሌባ ነው?»

«የፖሊስ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝና ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። ደሜ ፈላ፤ ግን ምላሴን ነከስኩ። እሳቸውም ቆይተው «እሺ፣ እቀመጣለሁ። ጅቡን ሳትገድሉ ብትሄዱ ግን ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ» ብለው በሩን ዘጉት።

ጠዋት፣ ገና ጀምበር ስትወጣ፣ ከገደሉ ማዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተኛን። ተኳሹ ኮንስታብል ደረጀ ነው፤ ጎበዝ ተኳሽ፣ ግን አለቃ ሲያይ የሚርበተበት። እኔ አጠገቡ በመነጽር አያለሁ። ኢንስፔክተሩ ከኋላችን ዝቅ ብሎ፣ ከግንድ ጀርባ፣ ሬዲዮ ይዟል፤ ሌላው ሬዲዮ በእኔና በደረጀ መሃል ተቀምጧል። እሱ ካለበት ጅቡ የሚመጣበት አፋፍ እንኳን በግማሽ ነው የሚታየው። ከአፋፉ በላይ የእግር መንገድ አለ፤ ከቤቶቹ ወጥቶ ወደ እድሩ ቤት የሚሄድ። እሱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። መንገዱ ላይ ሰው የለም።

ጅቡ መጣ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጅብ አይቼ አላውቅም። አንገቱ ተጣሞ፣ እየተንገዳገደ፣ አፉ አረፋ በአረፋ ሆኖ አፋፉ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ቆመ።

«ታየኝ» አለ ደረጀ።

«ቆይ፤ ጋሽ ገመቹ ሳይናገሩ አይተኮስም።»

እዚህ ላይ የሆነውን እኔ የሰማሁት በኋላ ነው። ጋሽ ገመቹ ድምፅ ማጉያውን ቢጫኑት፣ ቢመቱት፣ ቢያራግፉት እምቢ አለ። ባትሪው አልቋል። ያስጠነቅቃል የተባለ ሰው በእጁ ዝም ያለ ዕቃ ይዞ ምን ያድርግ? ሰፈሩን ሁልጊዜ የሚያሰሙበትን ነገር ከብብታቸው አወጡ። ጥሩምባቸውን።

ጥሩምባው ሲነፋ መነጽሬን ወደ ቤቶቹ አዞርኩ። እኔ የእድር ሰፈር ልጅ ነኝ። ጠዋት ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጥሩምባ የሰማ ሰው ምን እንደተባለ ቁጭ ብሎ አያዳምጥም፤ ነጠላውን ያጣፋና «ማን ነው? ማን ሞተ?» እያለ ይወጣል። ጋሽ ገመቹ ከጥሩምባው ቀጥለው «ከቤት እንዳትወጡ!» እያሉ ነበር፤ አዎ፣ ብለዋል። ግን ያንን እስኪሉ ማን ይጠብቃቸዋል? በሮች ሲከፈቱ በመነጽሬ አየሁ። አንድ ነጭ ነጠላ፣ ሌላ ነጭ ነጠላ፣ ጋቢ። ሁሉም ወደ እግር መንገዱ።

ሬዲዮው ኮሽ አለ። «ጥሩ፤ ሰፈሩ ተነግሮታል። ተኩስ!»

«አቁም!» አልኩ። «ሰው እየወጣ ነው!»

«አትውጡ እየተባለ ማን ይወጣል? ተኩስ!»

«ጥሩምባ ነው እኮ የነፉት! መንገዱ ላይ ሰው አለ! ደረጀ፣ አቁም ብያለሁ!»

«ሳጅን፣ ከመስመር ውጪ! ኮንስታብል፣ ትእዛዝ ነው!»

ደረጀ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ሬዲዮው አየ። እጄን ወደ ጠመንጃው ዘረጋሁ። ጥፍ አለ። ያቺ ናት፤ እንደ ድስት ክዳን። ጥይቷ ዝቅ ብላ ከጅቡ እግር ሥር ድንጋዩን መትታ ወደ ላይ ነጠረች፣ አቧራው ቦነነ፣ ጅቡ ዘሎ ገደሉ ውስጥ ቁጥቋጦ ገባ። እና ከድንጋዩ በላይ፣ እግር መንገዱ ላይ፣ ከሁሉ ፊት የወጣችው ባለ ነጠላ ሴት ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ልክ ዳገት እንዳደከማት ሰው።

እትዬ ብርቅነሽ ናቸው።

እስከ ዛሬ የሚያሳብደኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ማንም አልሸሸም። ማንም መሬት ላይ አልተኛም። ተራ ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው በአንዴ በግንባሩ ይደፋ ነበር። እነሱ ግን ወደ ወደቁት ሴትዮ መጡ፣ ተሰበሰቡ፤ እኛ ማዶ ጠመንጃ ደግነን፣ እነሱ ፊት ለፊታችን ክብ ሠርተው ቆመው። አፈሙዙን በመዳፌ ወደ መሬት ደፈቅኩት።

ኢንስፔክተሩ እያለከለከ ወጣ። «ተመታ?»

«ሰው ነው የተመታው!»

መነጽሩን ነጠቀኝና አየ። ከማዶ ድምፃቸው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። «ጅቡ ነው! ሲሮጥ አይቼዋለሁ! ጅቡ ነከሳቸው!» አንዲት ሴት «ክትባት! ቶሎ ክትባት ይወጉ! ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው!» ትላለች። ነጠላ በወገባቸው ላይ እየጠመጠሙ ነው። ቁስሉ ከዳሌ በታች፣ ብሽሽት አካባቢ ነው፤ በወንድ ፊት የትልቅ ሴት ቀሚስ ገልጦ የሚያይ ማን አለ? ዝም ብለው በላዩ ላይ ጠመጠሙበት።

ኢንስፔክተር ታፈሰ መነጽሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ያን ፊቱን አልረሳውም። ድንጋጤው ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣበት።

«ጅብ ነው እያሉ ነው እኮ» አለ።

«ምን?»

«ማን ሰማ? ማንም አልሰማም። እኛ እዚህ አልተኮስንም። ጅቡ ነክሷታል፤ ሕክምና ታገኛለች፤ አለቀ።»

«ጥይት ሆዷ ውስጥ ይዛ የውሻ ክትባት እንድትወጋ? ወደ ውስጥ ደም እየፈሰሳት እኮ ነው! ጤና ጣቢያ ደርሳ፣ ወረፋ ይዛ፣ ትሞታለች!»

«ድምፅሽን ቀንሺ!»

«ደንቡ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ ነው የሚለው!»

«ደንብሽን በጥብጠሽ ጠጪው!» አለኝ። «ከዚህ ንቅንቅ በይና ማዕረግሽን እዚሁ ባልነቅለው!»

ደረጀ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። «አንተስ?» አልኩት። ፊቱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። የዚያን ጊዜ ሁለቱንም ጠላኋቸው። ወደ ገደሉ ወረድኩ።

አዎ፣ ጅቡ የገባበት ገደል ነው። ዞሮ ለመሄድ ጊዜ አልነበረም። ጀግና ነኝ አልላችሁም። ቁጥቋጦው ውስጥ እንደ ማጉረምረም ያለ ነገር ሰማሁ። ቆምኩ። ከላይ «ቶሎ አንሷቸው!» ሲሉ ስሰማ እንደገና ሮጥኩ። በእጄም በጉልበቴም እየቧጠጥኩ ሽቅብ ስወጣ እጮኻለሁ፦ «ጥይት ነው! ጅብ አይደለም! ጥይት ነው!»

ብርድ ልብስ ላይ አድርገው ሊያነሷቸው ሲሉ ደረስኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቆቤ ወድቋል፣ ፊቴ አፈር ነው።

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ።

«ጥይት ነው የመታቸው። ጤና ጣቢያ አትውሰዷቸው፣ ወደ ጳውሎስ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል! ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልጋቸው!»

«ምን ጥይት? እኛ ደንቆሮ ነን? ተኩስ የሰማ አለ?» ብሎ ሰዉን ጠየቀ። «አልሰማንም» አሉ። «እኔም አልሰማሁም።» «አበደች እንዴ?» «ጅቡን ስተውት ነው፤ ሰበብ ስትፈልግ ነው!»

«ድምፅ የለውም! ጠመንጃው ድምፅ የለውም!»

ራሴን ስሰማው የእብድ ወሬ ነበር። ብርድ ልብሱን አንስተው መሄድ ጀመሩ። ቀኝ ከሄዱ ጤና ጣቢያ፣ ግራ ከሄዱ አስፋልት። ወደ ቀኝ ዞሩ።

ፊታቸው ተገትሬ «ወንዶች ፊታችሁን አዙሩ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ነው፤ ሳያስቡት ብርድ ልብሱን መሬት አስቀምጠው ዞሩ። ተንበርክኬ የተጠመጠመውን ፈታሁና ቀሚሳቸውን ገለጥኩ። እትዬ ብርቅነሽ ዓይናቸውን ከፍተው በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል በጥፊ አጮሉኝ። «ባለጌ!» አሉኝ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠርዟ የጠቆረ ቀዳዳ። ከጎኗ የጥርስ ምልክት የለ፣ ቡጭሪያ የለ። ሆዳቸው ደግሞ ጠንክሮ ተነፍቷል።

«ይሄ የጅብ ጥርስ ነው?» አልኩ። «ጅብ ባንድ ጥርስ ይነክሳል?»

«በስመ አብ!» አለች አንዷ።

ሴቶቹ ቀሚሱን መልሰው ሸፈኑ። ከዚያ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ «ማን ነው የተኮሰው?» አለ።

«እኛ» አልኩት።

የመጀመሪያው ድንጋይ ትከሻዬን መታኝ። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ቅንድቤን ተረተረው፤ ጠባሳው አለ። አንዷ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ። ጋሽ ገመቹ ጥሩምባቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው» እያሉ ያለቅሳሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም። ብርድ ልብሱን ልያዝ ብል «እጅሽን አንሺ፣ ነፍሰ ገዳይ!» ብለው ገፈተሩኝ። ይግፉኝ። ወደ ግራ ዞረዋል። ወደ አስፋልቱ እየሮጡ ነው፤ ሚኒባስ አስቁመው ተሳፋሪውን ሲያወርዱ ደሜን እየጠረግኩ አየኋቸው።

ሐኪሞቹ፣ እትዬ ብርቅነሽ ትንሽ ቢዘገዩ አይተርፉም ነበር አሉ። ተረፉ።

ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። ኢንስፔክተር ታፈሰ «አልተኮስንም» አለ። የሰፈሩን ሰው ተኩስ ሰምታችኋል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ምን ይበሉ? አንድም የሰማ የለም። ጥይቷ ከእትዬ ብርቅነሽ ሆድ ባትወጣ ኖሮ እኔ እብድ ተብዬ እቀር ነበር። እሱ ከሥራው ታገደ። እኔ ደግሞ ትእዛዝ ጥሰሽ ምድብሽን ለቀሻል፣ ክፍሉን በሕዝብ ፊት አዋርደሻል ተባልኩ። ይቅርታ ጠይቂ ሲሉኝ የተናገርኩትን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ለቀቅኩ።

እናንተ አንባቢዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁና ከፈለጋችሁ ተቆጡኝ። እኔም በፊት ያንን ጠመንጃ እወደው ነበር። ሕዝብ አያስደነግጥም፣ ሕመምተኛ አይቀሰቅስም፣ ሕፃን አያስለቅስም ብዬ አስተምር ነበር። እውነት ነው፣ አያስደነግጥም። ግን መደንገጥ የነበረበት ሰው ሳይደነግጥ ሲቀር አይቻለሁ። ተራ ጠመንጃ የሠራውን ለመደበቅ አይመችም፤ ተኩሻለሁ ብሎ ራሱ ያወራል። ዝም የሚለውን የያዘ ሰው ግን በጠመንጃው ፈንታ ራሱ መጮህ አለበት፤ መጮህ ያልፈለገ ሰው እጅ ሲገባ ከቱቦውም ከጥይቱም ይልቅ የሚያስፈራው ሰውየው ነው። አሁን የጥበቃ ሠራተኞች አሠለጥናለሁ። መጀመሪያ የማስተምራቸው መተኮስ አይደለም። አንድ በአንድ ሜዳ ላይ አቁሜ «አቁም!» እያስባልኩ አስጮኻቸዋለሁ። ያፍራሉ፣ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

እትዬ ብርቅነሽን ሆስፒታል ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ።

«ምን ልትገልጪ መጣሽ ደግሞ?»

«እንኳን ተረፉ ልል ነው እትዬ።»

«አንቺ ባትጮሂ ጅብ በላት ተብዬ እቀበር ነበር» አሉ። ግድግዳውን እያዩ ነው የሚናገሩት። «አላመሰገንኩሽም። ወገኖችሽ ናቸው የመቱኝ። ብርቱካንሽን ይዘሽ ውጪ።» በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «የተኮሰውን ላኪልኝ። መጥቶ ይንገረኝ።»

ደረጀ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። መጣ። ያን ዕለት ከገደሉ ማዶ የተለያየን ሰዎች የዋርዱ በር ላይ ተገናኘን፤ አልተጨባበጥንም። ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ ጠያቂውም ብዙ ነበር። አልጋቸው ግርጌ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

እትዬ ብርቅነሽ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«አልሰማሁም» አሉት።

«እኔ ነኝ የተኮስኩት» አለ፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«አልሰማሁም።»

ደረጀ አለቀሰ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ወሬውን አቁሞ እስኪዞር ድረስ ጮኸ። እሳቸው አንድ በአንድ የዞረውን ሰው ሁሉ አዩና «አሁን ተሰማ» አሉት፤ «ሂድ።»